አንበሳው ማን ነው? ለባለ ወፍጮዋ እህታችን መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። የጸሐፊዋን ስምና ከተማዋን ትቼ፣ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ወፍጮ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የማስተዳድረው እኔው ነኝ። በከተማው ዘጠኝ ባለ ወፍጮዎች ነን፤ ከዓመታት በፊት ማኅበር መሠረትን። ያኔ ሐሳባችን መለዋወጫ በጋራ መግዛትና መብራት ሲጠፋ አብረን መጮኽ ነበር፤ ብዙም ጠቅሞናል። ዘንድሮ ግን የጤፍ ማስፈጫ በኪሎ 6 ብር ይሁን ተባለ። እኔ 4 ብር ከ50 ነበር የማስከፍለው። ከ6 ብር በታች የፈጨ 3,000 ብር ይቀጣል። የላይ ሰፈር ሰው እህል ይዞ ወደ ታች ሰፈር ወፍጮ ቢመጣ እንድንመልሰው ተወስኗል። አንድ ልጅ አዲስ ወፍጮ ልክፈት ቢል ‹መጀመሪያ ማኅበሩን አስፈቅድ› እያሉ ያጉላሉታል። ሊቀ መንበሩ አበልጄ ነው፤ የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሚ ይለኛል። ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ድሩን የምትበጥሺው አንቺ ብቻ ነሽ› አለኝ። ካልፈረመች ከእድርም ትውጣ የሚሉ አሉ። እስካሁን አልፈረምኩም። ግን ቀን በ6 ብር እየፈጨሁ፣ ማታ ማታ ለማውቃቸው ሰዎች በድሮው ዋጋ እፈጫለሁ። ንግድ ጽሕፈት ቤቱም ያውቃል ይባላል። ምን ይሻለኛል?»

እህትዓለም፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ከዚያ እናወራለን። አትፈርሚ። የማታውንም ፍጭት ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

ሁለተኛው ሊከብድሽ እንደሚችል አውቃለሁ። ለሰው አዝነሽ የጀመርሽው ነገር ነው። ቆይተን እንመለስበታለን።

አበልጅሽ ያለሽን ተረት ግን ሳልነካ ማለፍ አልቻልኩም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እኛ ጎጃሞች ስንት ቦታ የምንጠቀምበት ተረት ነው፤ ለደቦም፣ ለእድርም፣ ለመንገድ ሥራም። ትክክለኛ ተረት ነው። ግን እስኪ አስቢው፣ እዚህ ላይ አንበሳው ማን ነው? ዘጠኝ ወፍጮ ቤት ተባብሮ የሚያስረው ማንን ነው? መብራት የሚያጠፋባችሁን አይደለም። ኩሽኔታውን በእጥፍ የሚሸጥላችሁን አስመጪም አይደለም። የሚታሰረው አሥር ኪሎ ጤፍና ዳጉሳ ቀላቅላ፣ በነጠላ ቋጥራ፣ ልጅ አዝላ ወረፋ የምትይዘው ሴትዮ ናት። እሷን ለማሰር ዘጠኝ ሰው ማበር ነበረበት?

እስኪ በብር እናስላው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት በሳምንት አንድ ኩንታል ብታስፈጭ፣ በ1 ብር ከ50 ልዩነት በሳምንት 150 ብር፣ በወር 600 ብር ከኪሷ ይወጣል። እሷ ደግሞ እንጀራው ላይ ትጨምረዋለች። የቀን ሠራተኛው በእንጀራው ይከፍለዋል። ባለ ወፍጮው በቀን አሥር ኩንታል ቢፈጭ በቀን 1,500 ብር ያገኛል። ይህ ብር ወፍጮው ልሞ ስለፈጨ ወይም ወረፋው ስላጠረ የመጣ አይደለም። ሰውየው ሌላ የሚሄድበት ስለጠፋ ብቻ የመጣ ነው።

ይህን የምልሽ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ገበያ የሄድኩበት አንድ ቅዳሜ ከዓይኔ አይጠፋም። ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ የጤፍ አገር። ሁለት አህያ ጭነን ሌሊት ተነስተን፣ ጀምበር ስትወጣ ደረስን። የመጀመሪያው ነጋዴ እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ ጤፉን ዘግኖ አየና ዋጋ ጠራ። አባቴ አልወደደውም፣ አለፍን። ሁለተኛውም ያንኑ ዋጋ ጠራ። ሦስተኛው ጆንያውን እንኳ አላስፈታም፣ ያንኑ ዋጋ ጠራ። አራተኛው ጋ ስንደርስ አባቴ ነገሩ ገባው። ገበሬው ገና መንገድ ላይ ሳለ እነሱ ቡና እየጠጡ ጨርሰውት ነበር። ያን ቀን አባቴ አንዱን አህያ አራግፎ ሸጠ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ነበረበት። ሌላውን ጭነቱን እንደያዘ መልሶ ነዳው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። የዚያን ቀን ዝምታው ነው ዛሬም የሚያጽፈኝ። የአንቺ ማኅበር የሚሸጥበትን ዋጋ ነው የወሰነው፣ እነዚያ የሚገዙበትን ነው የወሰኑት። ነገሩ ያው አንድ ነው።

ሕጉም አንድ ነው የሚላቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። አንቀጽ 7 ላይ፣ በአንድ ዓይነት ንግድ ላይ ያሉ ሰዎች ወይም ማኅበራቸው የመሸጫም ሆነ የመግዣ ዋጋ በጋራ መወሰን እንደማይችሉ ይናገራል። ጨረታ ላይ መመሳጠርም፣ ደንበኛንና አካባቢን መከፋፈልም እዚያው ነው የተከለከለው። «የላይ ሰፈር ሰው ወደ ታች ሰፈር እንዳይሄድ» ያላችሁት ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ ከዋጋው እኩል የተከለከለ ነው። ለሌሎች ስምምነቶች ሕጉ «ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል» ብሎ ለማስረዳት በር ይከፍታል። ለዋጋ ስምምነት ግን ያ በር የለም።

ደግሞ ማኅበር መሆን አያድንም። ሕጉ «የነጋዴዎች ማኅበር ውሳኔ» ብሎ ለይቶ ጠርቶታል። ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ማኅተም መትቶ፣ አስፈርሞ ዋጋ መወሰን በገዛ እጅ ማስረጃ አዘጋጅቶ መስጠት ነው። አበልጅሽ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። ክፉ ሰው ቢሆን ልጅሽን ክርስትና አያነሳልሽም ነበር። ብዙ ማኅበራት እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የሚገቡት በክፋት አይደለም፤ ናፍጣ ተወደደ፣ ቀበቶ ተወደደ፣ አንዱ ተነስቶ «ለምን አብረን አንጨምርም?» አለ፣ ሁሉም አጨበጨበ። አለቀ።

ቅጣቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። እስከ ዓመታዊ ሽያጭ 10 በመቶ ይደርሳል። ልብ በይ፣ ከትርፉ አላልኩም፣ ከሽያጩ ነው። በቀን አሥር ኩንታል በ6 ብር የሚፈጭ ሰው በቀን 6,000 ብር ያስገባል። በዓላቱን አውጥተን በዓመት 250 ቀን ቢሠራ 1,500,000 ብር ነው። አሥር በመቶው 150,000 ብር። ለመብራቱ፣ ለሠራተኛው፣ ለኪራዩ የከፈልከው አይቀነስልህም። የስንቱ ወፍጮ ቤት ሞተር ከዚያ በኋላ ይሸጣል?

«ይህ ለትልልቅ ድርጅቶች ነው እንጂ ለእኛ ለድሆቹ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ትልቁም ትንሹም ያደርገዋል። በደቡብ አፍሪካ በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ ላይ በዌስተርን ኬፕ ዳቦ የሚያከፋፍሉ ትንንሽ ነጋዴዎች አንድ ነገር ታዘቡ፤ ሦስት ትልልቅ ዳቦ ጋጋሪዎች በአንድ ሰሞን ዋጋ እንደሚጨምሩ አስታወቁ። ነጋዴዎቹ ዝም አላሉም፣ ለአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን አመለከቱ። አንደኛው ድርጅት አምኖ ከኮሚሽኑ ጋር ተባበረ። ሁለተኛው፣ ታይገር ብራንድስ፣ ወደ 99 ሚሊዮን ራንድ ከፈለ፤ እስከ መጨረሻው የተከራከረው ፓየኒር ፉድስ በ2010 ወደ 196 ሚሊዮን ራንድ ተፈረደበት። ነገሩን የጀመሩት ትንንሾቹ መሆናቸውን አስተውይ። ዳቦ የሚበላው ድሃ መሆኑን ያዩት እነሱ ናቸው።

የትንንሾችን ማኅበር ጥፋት ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ህንድ ሂጂ። እዚያ የመድኃኒት ነጋዴዎች ማኅበራት አዲስ አከፋፋይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ከማኅበሩ ተቃውሞ የለኝም የሚል ወረቀት ያምጣ» ይሉ ነበር። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ደጋግሞ ቀጥቷቸዋል። ወፍጮ ሊከፍት ያለውን ልጅ ነገር ሳነብ ይኸው ነው ትዝ ያለኝ። ለልጁ ፈቃድ የሚሰጠው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ማኅበራችሁ ማስፈቀጃ በር ላይ የመቆም ሥልጣን የለውም። ያንን ልጅ ካገኘሽው ይህን ንገሪው፤ ዝም ብሎ ፈቃዱን ያውጣ።

«ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል» ላልሽው፣ ማወቅና መፍቀድ ይለያያል። መንግሥት ራሱ ታሪፍ ሲያወጣ፣ ለምሳሌ ለትራንስፖርት ወይም ለነዳጅ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። የወጣበት ደብዳቤ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ይለጠፋል። አበልጅሽን «ደብዳቤው የታለ?» በይው። ደብዳቤ ከሌለ የለም ማለት ነው፤ አንድ የቢሮ ሰው ስብሰባ ላይ ሻይ ጠጥቶ ስለሄደ ሕግ አይሆንም። መንግሥት ራሱ እንኳ በ2003 ዓ.ም. በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ዕቃው ከመደርደሪያ እየጠፋ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛውን ለማንሳት ተገዷል። ዋጋ በስብሰባ ሲተመን የሆነ ቦታ መፈንዳቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ማታው ፍጭት እንምጣ።

ማታ በድሮው ዋጋ የምትፈጪላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? የምታውቂያቸው። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ። ያቺ ከገጠር አህያዋን እየነዳች የመጣችው፣ አንቺን የማታውቅሽ፣ ማታ መቆየት የማትችለው ሴት በ6 ብር አስፈጭታ ትሄዳለች። ከሁሉ ይልቅ የምትቸገረው ደግሞ እሷ ናት። ደግሞ ቀን በማኅበሩ ዋጋ እየፈጨሽ ስለሆነ፣ ነገ አጣሪ ቢመጣ ወረቀት ላይ ፊርማሽ ባይኖርም ሥራሽ ፈርሟል። የቃል ስምምነትም ስምምነት ነው፤ አብሮ ማድረግም ያስጠይቃል። ማኅበሩ ዘንድ ከዳተኛ፣ ሕጉ ዘንድ ተባባሪ፤ በሁለቱም በኩል ተሸናፊ ትሆኛለሽ። ይህ ሁሉ ቀርቶ፣ ሴት ብቻዋን በሌሊት ከሚሽከረከር ቀበቶ ጋር! ነጠላሽ ቢያዝ ማን ሞተሩን ያጠፋልሻል? እባክሽ ተዪው።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደብተርሽን ይዘሽ ቁጭ በይ። የመብራት ክፍያሽን፣ መብራት ሲጠፋ የምታቃጥዪውን ናፍጣ፣ የሠራተኛውን ደሞዝ፣ ድንጋይ የሚወቅርልሽን ሰው ክፍያ፣ ቀበቶና ኩሽኔታ በዓመት ስንቴ እንደምትቀይሪ፣ ግብርሽን፣ የባንክ ዕዳ ካለብሽ እሱንም ጻፊ። የራስሽን ድካም አትርሺ፤ ሴቶች ይህን መስመር ሁልጊዜ እንረሳዋለን። በዓመት ስንት ኩንታል እንደምትፈጪ ገምቺና አካፍዪው። ምናልባት 4 ብር ከ50 በእርግጥ ሳያከስርሽ አልቀረም። በዚህ መንገድ በሚዘጋበት፣ መለዋወጫ በሚጠፋበት ጊዜ ዋጋ መጨመር ኃጢአት አይደለም። 5 ብር ከወጣልሽ 5 ብር አድርጊው። 6 ብር ከወጣልሽም 6 ብር አድርጊው! ሕጉ ከጎረቤትሽ ጋር አንድ ዓይነት ዋጋ እንዳይኖርሽ አልከለከለም። የእሱን የተለጠፈ ዋጋ አይተሽ የራስሽን ብትወስኚም ችግር የለውም። የከለከለው ተጠራርቶ፣ ተነጋግሮ፣ ተስማምቶ መወሰንን ነው።

ከዚያ ዋጋሽን በትልቁ ጽፈሽ በር ላይ ለጥፊው። ጤፍ ይህን ያህል፣ በቆሎና ዳጉሳ ይህን ያህል፣ በርበሬና ሽሮ ይህን ያህል። ይህም እንዲያው የእኔ ምክር ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያው አዋጅ ያስገድዳል። ለጎረቤትም ለእንግዳም፣ ጠዋትም ከሰዓትም አንድ ዋጋ ይሁን። የላይ ሰፈር ሰው ከመጣም ባስኩላው ላይ ያስቀምጥና ወረፋውን ይያዝ።

ቀጥሎ ወደ ስብሰባው ሂጂ። እንዳትቀሪ። ቀርተሽ ሲወሰን «ታውቅ ነበር» ይባላል፣ ሄደሽ ዝም ካልሽም እንደ ተስማማሽ ሊቆጠር ይችላል። ተነሺና በአጭሩ ተናገሪ፦ «እኔ የማኅበሩ አባል ነኝ፣ መዋጮዬን እከፍላለሁ፣ ለመለዋወጫውም ለመብራቱም አብሬያችሁ እሮጣለሁ። ዋጋ ግን በጋራ መወሰን ሕግ ይከለክላል፤ እኔ የለሁበትም። ይህን ቃሌን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉልኝ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አደራ። ጸሐፊው አልጽፍም ካለ፣ ያልሽውን በራስሽ እጅ ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽበት ለሊቀ መንበሩ ስጪው፤ ቅጂውን አስቀሪ። 3,000 ብሩን ክፈዪ ቢሉሽ አትክፈዪ። ቅጣቱን በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። በጽሑፍ የሚሰጥሽ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ማኅበሩን አፍርሺው አላልኩሽም፤ ይህን በደንብ ያዥልኝ። ማኅበሩ ጥሩ ነገር ነው። ዘጠኝ ሆናችሁ ኩሽኔታና ቀበቶ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በአንድ ጭነት ብታስመጡ ዋጋው ይወርድላችኋል። አንድ መካኒክ በጋራ መቅጠር ትችላላችሁ። አንድ ትርፍ ሞተር በጋራ ገዝታችሁ የተበላሸበት ሰው እንዲጠቀምበት ማድረግ ትችላላችሁ። ስለ መብራቱ አብራችሁ ማመልከት፣ ባስኩላችሁን በየጊዜው ማስፈተሽ፣ ቀበቶው ላይ መከለያ ማሠራት፣ ቁጠባ መጀመር። ይህ ሁሉ ወጪያችሁን ይቀንሳል። ከ4 ብር ከ50 ወደ 6 ብር ከመዝለል ይልቅ ወጪውን ማውረዱ አይሻልም? እዚህ ላይ ነው ድሩ ቢያብር አንበሳ የሚያስረው። ስብሰባው ላይ ከመቃወም ጋር ይህንንም ይዘሽ ብትቀርቢ፣ እምቢ ብላ የተቀመጠች ሳይሆን ሐሳብ ያላት ሴት ሆነሽ ትታያለሽ።

እድሩን በተመለከተ ብዙም አትፍሪ። እድር የራሱ ውስጠ ደንብ፣ የራሱ ዳኛ አለው፤ በወፍጮ ዋጋ ሰው አያባርርም። ወርኃዊሽን በጊዜው ክፈዪ፣ ደረሰኝሽን ያዢ፣ ልቅሶ ላይ አትቅሪ። ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁ ብለሽ የእድሩን ዳኛ አስቀድመሽ አነጋግሪ። ሽማግሌ ሰው ነገሩን ቀድሞ ከሰማ ይቆጣጠረዋል፣ ዘግይቶ ከሰማ ወገን ይይዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ደንበኛሽን በር ላይ እየመለሱ ወይም ሠራተኛሽን እያስፈራሩ ካስቸገሩሽ፣ ያኔ ወረዳው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቺ። በቃል አይሁን። አስመዝግበሽ፣ የገባበትን ቁጥር ያዢ። እዚያ ካልሆነ ዞን፣ ከዚያ ክልል ቢሮ አለ። በፌዴራል ደረጃ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ባለሥልጣን ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል፤ አቤቱታው እዚያ ድረስ መሄድ ይችላል። ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ጠበቃ አማክሪ፤ ለጥቂት ወራት በ6 ብር ፈጭተሻልና ያንን እንዴት እንደምታስረጂ አብረሽው ተዘጋጂ።

ያ ግን የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ አበልጅሽ ነው። ስብሰባው ላይ ድንገት ብትነሺበት ሰው ፊት ያዋረድሽው ይመስለዋል፣ አበልጅነቱም ይሻክራል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ቤቱ ሂጂ። ልጁን ይዘሽው ሂጂ፣ የክርስትና አባቱን ይሳም። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ስለ ዋጋ አታንሺ። ከዚያ የምትይውን በይው፤ አዋጁንም ቅጣቱንም ንገሪው፣ ምክንያቱም ሊቀ መንበር ሆኖ የፈረመው እሱ ነው፣ ከሁላችሁም በፊት የሚጠየቀውም እሱ ነው። የምትነግሪው ልትከሺው ሳይሆን ልታድኚው እንደሆነ ይወቅ፤ እውነቱም ይኸው ነው። ገበያ ቀን ብቻ እንዳይሆን። ገበያ ቀን ወፍጮው ይጮኻል፣ ሰው ይበዛል፣ እሱም ሊሰማሽ አይችልም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሂጂ።